ዶርዜን በሁለት ሰዓት

ውጭ አገር የተወለዱ ልጆቹን ይዞ ለክረምት አገር ቤት የመጣ አባወራ ጭንቀቱ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ዘመድ ጥየቃው ሦስት ቀን አይሞላም። ከዚያ ወዲያ ልጆቹ ዋይፋይ ጠፋ ብለው ያኮርፋሉ፤ ትልቋ «ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ቡና ነው?» ትላለች፤ ትንሹ ዶሮ ወጥ በቀረበ ቁጥር ሆዱን ይይዛል። ካሊፎርኒያ ቢሆን መላው ቀላል ነበር፤ መዝናኛ ፓርክ ይወሰዳሉ፣ ቲኬት ይቆረጣል፣ ቀኑ ይመሻል። እዚህስ ምን ይደረጋል? እግዜር ይስጣት፣ አርባ ምንጭ አለች።

አርባ ምንጭ ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ ታስባ የተሠራች እስክትመስል ድረስ ሁሉ ነገር ተሟልቶላታል። አውሮፕላን ያርፍባታል። ከሥሯ ዐባያና ጫሞ ተንጣለዋል፤ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ አለ። ስሟን የሰጧት ምንጮች ጫካው ውስጥ ይፈልቃሉ፣ ዓሣውም ወረድ ብሎ፣ ሲቀላ ሰፈር ነው። ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው አለ፤ ግን መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ፣ የሜዳ አህያውም በቀጠሮ ስለማይገኝ ለቤተሰብ አይመከርም።

የጫሞ ጀልባም ቢሆን እንከን አያጣውም። ልጆቹ ያደጉት በዲዝኒላንድ ነው። እዚያ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1955 ከተከፈተ ጀምሮ «ጃንግል ክሩዝ» የሚባል የጀልባ ጨዋታ አለ። የማሽን ጉማሬ በሰዓቱ ብቅ ይላል፣ ጆሮውን ያርገበግባል፣ ተመልሶ ይሰምጣል፤ ተሳፋሪው ሁሉ እኩል ይደነግጣል። የጫሞ አዞ ግን ሥርዓት የለውም። «አዞ ገበያ» በሚሉት ዳርቻ አሸዋው ላይ ተጋድሞ፣ ሰውነቱን ሊያቀዘቅዝ አፉን በርግዶ፣ ለዚያ ሁሉ ዶላር ንቅንቅ አይልም። አባትየው «ወንድሜ፣ ትንሽ ነካ ብታደርገውስ?» ይለዋል ባለጀልባውን። ባለጀልባው ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። በማግሥቱ አዞ ርባታው ጣቢያ ላይ ችግሩ በጠጠር ይፈታል፤ መካከል ላይ አጥር አለና።

ሰው ግን ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ወደ ዶርዜ ይወጣል።

በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወስደው ጥምዝምዝ መንገድ ራሱ አንድ ጨዋታ ነው። ከ1,300 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ወደ 2,700 ያሻቅባል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ከታች ይቀራል፣ ጉሙ ይወርዳል፣ ቀርከሃውና እንሰቱ ይጀምራል። በየመታጠፊያው ደግሞ ልጆች አሉ። ሞተሩ ገና ከታች ሲያቃስት ይሰሙታል፤ መኪናው ብቅ ሲል ወገባቸውን ማውረግረግ ይጀምራሉ። አንዱ በእጁ ይሄዳል፣ አንዱ እግሮቹን ግራና ቀኝ ዘርግቶ መሬት ላይ ልጥፍ ይላል፣ ሌላው ከቀርከሃ የሠራትን ትንሽ ጎጆ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ከመስኮት ከረሜላ ይወረወራል። ባዶ ጠርሙስም ይወረወራል፤ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ብለው የጠየቁት እሱን ስለሆነ ቅር የሚለው የለም፣ መኪናውም ከቆሻሻ ይገላገላል። «ቀስ በል እስቲ፣ ቪዲዮ ልያዝ» ትላለች እናት። ሾፌሩ ቀስ ይላል፤ ልጆቹ ከጎማው ጎን ሩጫቸውን ይቀጥላሉ። በትምህርት ወራት ለሚመጣ ቤተሰብም አገልግሎቱ አይቋረጥበትም። ክፍሉ እንደሆነ የትም አይሄድ።

ሰውን እያዩ መዝናናት የኛ ፈጠራ አይደለም፤ ቀደምቶቹ ግን ያለ ቅጥ ደክመውበታል። ሃምቡርግ ላይ እንስሳ ይነግድ የነበረው ካርል ሃገንቤክ እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ሳሚዎችን ከነአጋዘኖቻቸው፣ ቀጥሎም ከሱዳን በኩል «ኑቢያውያን» ያላቸውን ሰዎች አስመጥቶ ለጀርመን ቤተሰቦች አቀረበ። ኒውዮርክ በ1906 ኦታ ቤንጋ የተባለ ኮንጎአዊ ወጣት ብሮንክስ መካነ አራዊት፣ የዝንጀሮዎቹ ቤት ውስጥ ታየ። ብራስልስ በ1958ቱ ኤክስፖ ላይ የኮንጎ መንደር ሠራች፤ ጎብኚው በአጥሩ ላይ ሙዝ ቢወረውርላቸው ኮንጎዎቹ ተቆጥተው ጥለው ሄዱ። እስቲ ወጪውን አስቡት፤ መርከብ፣ አጥር፣ ቀለብ፣ በመጨረሻም ኩርፊያ። እኛ ነገሩን አቅልለነዋል። ሰዎቹን ወደ ፓርኩ ማጓጓዝ ቀርቶ ፓርኩን ወደ ሰዎቹ ወስደናል። ቀለባቸውን ራሳቸው ያበቅላሉ፣ አጥራቸውንም ራሳቸው ያጥራሉ። ዲዝኒላንድማ ወኔ ከዳው፤ በ2021 በጃንግል ክሩዙ ዳርና ዳር የቆሙትን የ«አገሬው ሰው» አሻንጉሊቶች፣ ክብር ይነካሉ ተብሎ፣ አነሳለሁ አለ። ለአሻንጉሊት! የኛው ግን እውነተኛ ሰው ነው፤ ጦርና ጋሻውን ይዞ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ግቢው ከተደረሰ በኋላ ሁለት ሰዓት ይበቃል። መጀመሪያ ጎጆው ይታያል። ከቀርከሃ የተሠራ ነው፣ አዲስ ሲሆን ዐሥራ ሁለት ሜትር ድረስ ይመዘዛል፤ ወደፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች ዓይን ሆነው ፊቱን ዝሆን ያስመስሉታል። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥር ይቆረጥና ኑሮው ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጎጆ ባረጀ ቁጥር ያጥራል፣ ዕድሜው ከቁመቱ ይታወቃል። ቦታ መለወጥ ሲያስፈልግ ጎረቤት ተጠራርቶ ቤቱን እንዳለ ይሸከመዋል። አስጎብኚው ይህን ሲያስረዳ ትልቋ ልጅ ኔትወርክ ትፈልጋለች። ባለሙያ ብጠየቅ ኖሮ እኔም እመክር ነበር፦ በየጊዜው የሚያጥር ማማ በየትኛውም መዝናኛ ፓርክ ፈቃድ አያገኝም።

ከጎጆው ወደ እንሰቱ ነው። ሴትዮዋ የእንሰቱን ግንድ ልጣጭ ሳንቃው ላይ በእግሯ ተጭና፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደታች ትፍቀዋለች፤ ነጩ ይወርዳል፣ ቃጫው ይቀራል። «እናቴ፣ እስቲ ልሞክረው» ትላለች የኛዋ እመቤት። ሦስት ጊዜ ትፍቃለች፣ አራተኛው ላይ ፎቶው ደርሷል። ያ የተፋቀው ነገር በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ገብቶ ወራት ይቆያል፤ ተክሉ ራሱ ለዚህ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጅበታል። እንዲህ ያለውን መዘግየት ተራ የሚጠብቅ ቤተሰብ አይችለውም፤ ስለዚህ የተዘጋጀው ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ይቀርባል፣ ትንሹ አፍንጫውን ይይዛል፣ አባት አረቄውን ያነሳል። «ዮ! ዮ! ዮ!» ይህ ጩኸት የጋሞዎቹ የመስቀል በዓል ዮ ማስቃላ ሲደርስ፣ የተጣላ ታርቆ፣ ዘመድ ካለበት ተሰብስቦ የሚሰማ ነው። አሁን ግን አንድ መኪና ሲቆም አንድ ጊዜ ይባላል። ሦስት መኪና ባንዴ ከመጣ ሦስቱንም ያደርሳል።

ሸማኔው ጋ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዶ፣ እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ያበራል። አባት ተራ ይጠይቃል፣ ይፈቀድለታል። መወርወሪያው ከመሬት ይወድቃል፣ ድሩ ይበጠሳል፣ ሳቅ ይሆናል። ሸማኔው የተበጠሱትን ክሮች አንድ በአንድ ሲቀጥል ቤተሰቡ ጦርና ጋሻ ወደሚያዝበት አልፏል።

ትንሹ ልጅ እዚህ ላይ ይጠይቃል፦ «ባቢ፣ ሲዘጋ እነዚህ ሰዎች የት ይሄዳሉ?»

አባት በሳቅ ይፈርሳል። አስጎብኚው ግን ይመልስለታል። «እዚሁ ናቸው፣ ማሙሽ። ቤታቸው ነው።»

«ማታም?»

«ማታም።»

ልጁ ቅር ይለዋል። ስድስት ዓመቱ ነው፤ መዝናኛ ፓርክ ምን እንደሆነ ከወላጆቹ በተሻለ ያውቃል።

ቅሬታው እንዲቀረፍ ሥራው ወደ ዘመናዊነት መግባት አለበት። ጋቢ ተሸምኖ እስኪያልቅ የሚቀመጥ እንግዳ ስለሌለ፣ ሸማኔው ያለቀለትን ጋቢ ከሥር ደብቆ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቢስበው ጭብጨባ ያገኛል። ዮ ማስቃላም ወደ ሐምሌ ቢዛወር መልካም ነው፤ ጉሙና ዝናቡ እንደሆነ ለፎቶ ድባብ ይሰጣል፣ የውጭው ትምህርት ቤት ግን መስከረም ላይ ልጅ አይፈታም። የዶርዜ ገበያ ሰኞና ሐሙስ መዋሉም ቅዳሜ ለሚመጣ ቤተሰብ ንቀት ነው። ሽማግሌዎቹም ቢሆኑ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ አንድ አጭር እርቅ ቢያሳዩ ደስ ይላል።

የእርቁ ነገር እንኳ ትንሽ ያስቸግራል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. ቡራዩ ላይ ሰዎች ሲገደሉና ሲፈናቀሉ ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ፤ ሸማ ሠርተው የሚያድሩም ነበሩባቸው። ወሬው አርባ ምንጭ ሲደርስ ወጣቱ ሊበቀል ወጣ። የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ከፊቱ ተንበረከኩ። ወጣቱ ሳሩን አልፎ መርገጥ አልቻለም፤ ተመለሰ። አገር ሁሉ ያየውና የተደነቀበት ነገር ነው፣ ፕሮግራሙ ውስጥ ግን አልገባም። ሳሩ በየደጁ አለ፣ የሽማግሌዎቹ አለባበስም ፎቶ ላይ ያምራል። የሚጎድለው ሊፈጅ የወጣ የሰው ጎርፍ ነው፤ እሱን ደግሞ አንድ ቤተሰብ በከፈለው ማዘጋጀት አይቻልም።

«ገቢ ያገኙበታል እኮ!» የሚል አይጠፋም። ያገኙበታል። ባለቤቶቹ ሞኝ አይደሉም፤ እንግዳው ከሁለት ሰዓት በላይ እንደማይችል፣ ሸማ በክንድ እንደሚለካ ለክተው አውቀውታል፤ ፕሮግራሙንም የቆረጡት በዚያው ልክ ነው። አስጎብኚው አንዱን ቀልድ ለስንተኛ ጊዜ እንደሚያወራው እያወቀ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያወራው ሆኖ ይስቃል። እኔን የሚያስቀናኝ የከፋዩ የኅሊና ዕረፍት ነው። ፎቶው ተከፍሎበታል፣ አረቄው ተከፍሎበታል፣ ስለዚህ ዕዳ የለም። መንገድ ላይ የጨፈረው ልጅ ከርሞ የት እንደሚውል መጠየቅ ከቲኬቱ ውጭ ነው። ከእነዚያ ተራሮች በዘመድ ወይም በደላላ እጅ አዲስ አበባ ተወስደው ጉድጓድ ውስጥ ሸማ ሲሠሩ የሚውሉ ሕፃናት ጉዳይ ስንት ዘመን ሲወራ ኖሯል። እነሱን ለማየት ግን መግቢያ አይከፈልም፣ ጭፈራም የለም፣ ስለዚህ ማንም አይሄድም።

ወደ ውጭ ከመመለሱ በፊት ቤተሰቡ ሽሮ ሜዳ ይወጣል፣ ለአክስቶች ቀሚስ ይገዛ ዘንድ። ሸማኔውን በሥራው እየጠሩ መስደብ ይቅር ብለው ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አውጥተዋል፤ ሕዝባችንም ሕግ አክባሪ ነው፣ ስድቡን ትቶ ወደ ዋጋው ዞሯል። እንሰት ለመፋቅ ብር ቆጥራ የከፈለችው እመቤት፣ ሱቁ ውስጥ ቀሚሱን ገልብጣ ጥለቱን በጥፍሯ ትፈትሻለች።

«ስንት ነው?»

«ለእርስዎ ስድስት ሺህ፣ እትዬ።»

«ሦስት።»

«ኧረ እትዬ፣ የእጅ ሥራ ነው! ወንድሜ ነው የሠራው፣ ሳምንት ሙሉ ተቀምጦበታል።»

እመቤት ስልኳን ታወጣለች። ልጆቹ ሲያውረገርጉ፣ ጎጆው፣ ጦርና ጋሻው፣ ድሩ ሲበጠስ፣ ሁሉም አለ። ሻጩ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«እንዴ፣ ይሄ የኛ ሰፈር ነው! ያ እኮ የአጎቴ ግቢ ነው።»

«አየህ?» ትላለች ቀሚሱን አጣጥፋ ወደ ከረጢቱ እየከተተች፤ «ዘመድ ሆነን የለም እንዴ! በል ሦስት ሺህ አድርገው።»