የጀንፈል ኮንሰርት

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሙዚቃ ልሰማ ያን ያህል መንገድ እንደምሄድ ስነግራት ባለቤቴ "ቤት ሬዲዮ የለም?" አለችኝ። አለ። ላፕቶፕ የሚጫወት ልጅ ግን ሬዲዮ ላይ የለም። ስለዚህ ኅዳር መጨረሻ ላይ በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወልቂጤን አልፌ፣ ግቤ በረሃ ወርጄ ወጥቼ፣ ጉልበቴ ከፊቱ ወንበር ጋር በደንብ ተዋውቆ ጅማ ገባሁ።

ቦታው ከአንድ ቡና ቤት ጓሮ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሃያ የምንሆን ሰዎች፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈሉ ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ላይ ተቀምጠናል። ፊት ለፊት አንድ ወጣት፣ አንድ ላፕቶፕ፣ ቁልፍ የበዛበት ሳጥን፣ ሁለት ድምፅ ማጉያ። አጠገቤ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ ሽማግሌ አሉ፤ ሁሉም "ሐጂ" ይላቸዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲነግዱ የኖሩ ናቸው፤ የመጡት የልጅ ልጃቸው ጎትቷቸው ነው።

እኔ ደግሞ ያነበብኩትን ለሰው ሳልነግር እንቅልፍ አይወስደኝም። "ሐጂ፣ ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልዎ" ብዬ ጀመርኩ። ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋሽንግተን ሆኖ አኮርዲዮኑን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሮኒክ ከበሮ ጋር ብቻውን መቅረፁን፣ በኛ ዘመን ደግሞ ሙዚቀኞቹ እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ በላፕቶፕ የሠሩትን "ኢትዮጵያዊ ኤሌክትሮኒክ" ዘረዘርኩላቸው። ሐጂ ሻያቸውን ፉት ይላሉ።

"የሚገርመው ሀሊም ኤል ዳብህ ነው። ግብፃዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ፣ ድምፁን እያስተጋባና እየለዋወጠ ሙዚቃ አደረገው። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመውም እሱ ነው!"

ሐጂ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ዛር በሽቦ ይታሰራል እንዴ?"

"የታሰረው ድምፁ ነው፣ ሐጂ።"

"እሱስ ይሻላል።"

መብራቱ ቀነሰ። መጀመሪያ ሹክሹክታ የመሰለ ነገር መጣ፤ ቀጥሎ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ካፊያ፤ ከዚያ ደረት የሚደልቅ ጉርምርምታ። ዐይኔን ጨፈንኩ። ምት ባይኖረውም ጭንቅላቴን በምት ነቀነቅሁ። ባሕር ነው፣ አልኩ በልቤ። ምናልባትም ስደት።

"ጀንፈል ነው" አሉ ሐጂ በጆሮዬ።

"ምን አሉኝ?"

"ጀንፈል። አልጋ ላይ በእጅ እያገላበጡት ነው።" ትንሽ አዳመጡ። "አልደረቀም።"

"በምን ያውቃሉ?"

"የደረቀ ቡና ፍሬው ከቅርፊቱ ይላቀቅና ውስጥ ውስጡን ይንኳኳል። ይሄ አፉን ዘግቷል።"

"የሚያጉረመርመውስ?"

"መቀሸሪያ ነው። ቺንጋው ላልቷል።"

ከዚያ በኋላ ባሕሬ አልተመለሰልኝም። ዐይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ የላላ ቺንጋ ነው።

ሲያልቅ አጨበጨብን፤ ጥያቄ ካለ ተባለ። እኔ ስለ ስደት ያዘጋጀሁትን እያሳመርኩ ሳለ ሐጂ ተነሡ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"የማን ቡና ነው?"

ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ። "የአጎቴ፣ ሐጂ። አጋሮ አካባቢ ነው የቀዳሁት።"

"ለአጎትህ ንገረው። አራት ቀን ፀሐይ ይጨምርለት፤ እንዲህ ሆኖ ጆንያ ከገባ ይሻግታል። ቺንጋውንም ያጥብቁት።"

"ፀሐዩን እነግረዋለሁ፣ ሐጂ። ቺንጋው ግን ይቅር፤ ከጠበቀ ሁለተኛው ዘፈኔ ይበላሻል።"

ሐጂ አሰቡበት። "እስኪ ሁለተኛውን ድገመው" አሉና ተቀመጡ። ተደገመ። በሁለተኛው ዙር፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ እግራቸው መሬቱን ሲመታ አይቻለሁ።

በማግስቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ አጋሮ ወረድኩ። ከመንገዱ ዳር የቡና አልጋዎች ተደርድረዋል፤ ቀዩ እሸት ጠቁሮ ጀንፈል እየሆነ ነው። የሚያየኝ ሰው አለመኖሩን አረጋግጬ አንድ እፍኝ ዘገንኩ፤ ጆሮዬ ሥር አድርጌ ነቀነቅሁት፤ ዐይኔንም ጨፈንኩ።

"ማን ነው የደወለልህ፣ ልጄ?" አሉኝ ከአልጋው ወዲያ ማዶ ጎንበስ ብለው ሲለቅሙ የነበሩ እናት።