ያለ ስፖኪዮ የተፈጠረ እግረኛ

«አታይም እንዴ!» አለኝ ባለባጃጁ፣ ከኋላዬ መጥቶ ለጥቂት ሲስተኝ።

«መስታወት ያለህ አንተ ነህ፤ እኔን ፈጣሪ ያለ ስፖኪዮ ነው የሠራኝ።»

«ጠርዝህን ይዘህ ሂዳ!»

ይዣለሁ እኮ! ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው አንድ ነው፤ የእግረኛ መንገድ ከሌለ ግራህን ይዘህ፣ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እያየህ ተጓዝ። አገሪቱ በ1956 ዓ.ም. መኪናዎቿን ወደ ቀኝ ስታዛውር ግራው ለእኛ የተለቀቀ መስሎን ነበር። ታዲያ ግራውን የያዘ ሰው ከኋላው ባጃጅ ከመጣበት፣ የባጃጁ መስመር ወዲያ ማዶ ነው ማለት ነው። ይህንኑ ነገርኩት።

«አቋራጭ ነዋ!»

«ወደ ሆስፒታል ከሆነ እኔ አልቸኮልኩም።»

ባለሱቁ ጣልቃ ገባ፤ «በእግረኛ መንገድ ለምን አትሄድም?» ይህን የሚለኝ በረንዳውን አልፎ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ጫማ የዘረጋ ሰው ነው።

«መንገዱ ላይማ ጫማው ተደርድሮ ቆሟል፤ አስፋልት ላይ የወጣው እግሩ ነው።»

የእኛዋ ዲላ ዋና መንገድ ነገር ደግሞ ይብሳል። የአዲስ አበባ–ሞያሌ መንገድ የከተማችን ዋና ጎዳና ነው፤ ወናጎንም ይርጋጨፌንም ሰንጥቆ ያልፋል። የካይሮ–ኬፕታውን አውራ ጎዳና አካል ነው ይሉናል። ይሁን፤ ካይሮን ከኬፕታውን ሲያገናኝ እኔን ግን ከማዶው ዳቦ ቤት ለያየኝ።

«በዜብራ ተሻገር!» አለ ትራፊኩ።

«የታለ?»

«እዚህ ጋ ነበር።»

«ቀለሙ ቀድሞኝ ተሻግሯላ!»

ብስክሌተኛውም ጻድቅ አይደለም። አንዱ ጎረምሳ ዳገቱ ላይ የአይሱዙ ጭራ ይዞ ይንጠላጠላል። «ልቀቅ!» ብለው፣ «ጋሼ፣ ነዳጅ እየቆጠብኩ ነው» አለኝ። ሕዝቡ ለዚያ መኪና «አልቃኢዳ» የሚል ስም ያወጣለት በከንቱ አይደለም፤ «ታግተሃል እንጂ አልተሳፈርክም» አልኩት። ማታ ደግሞ ያው ልጅ ያለ መብራት ሽው ብሎ አለፈኝ።

«መብራት የለህም!»

«ሰፈሩስ አለው?»

እዚህ ላይ ረታኝ።

ሻይ ቤት ስገባ አንዱ አዋቂ፣ «ችግሩ እግረኛው ነው፣ ሕግ አያውቅም» እያለ ይተነትናል። መኪናውን ያቆመው ዜብራ ላይ ነው፤ ያውም ቀለሙ ባልለቀቀው በብቸኛው ላይ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከግማሽ በላዩ እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ሞተረኛ ነው። «ይኼ ሁሉ ሰው አጥፍቶ ነው የሞተው?» ብለው፣ «አብዛኛው» አለ ሻዩን እየማገ። ልክ ነው፤ ሟች ምንጊዜም ጥፋተኛ ነው፣ ቃሉን አይሰጥማ!

ወጥቼ ስሄድ አንዲት እናት ቆጯቸውን በጀርባቸው አዝለው ጠርዙ ላይ ቆመዋል። ሲኖትራክ አለፈ፣ አባዱላ አለፈ፣ ባጃጁማ አይቆጠርም።

«እማማ፣ ምን እየጠበቁ ነው?»

«ደግ ሹፌር።»

«ኧረ እዚሁ ቆመው ይቀራሉ!»

የእኛው የጌዴኦ መልክዓ ምድር ከነትክል ድንጋዮቹ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ እሳቸውም ሳይሰሙ አልቀሩም። አዝለው የቆሙትን ወደ ላይ ሸቀብ አድርገው፣

«እንግዲያው ትክል ድንጋይ ናት ብላችሁ አስመዝግቡኛ» አሉ። «ያኔ መኪናውም ዞሮኝ ያልፋል።»