ገጻችን ለሁሉም ክፍት ነው

አሽቀሎን ውስጥ አዲስ አፓርታማ ያለ ማማድ፣ ማለትም ያለ ሮኬት መጠለያ ክፍል፣ አይሠራም፤ ግድግዳው ቤቶን፣ በሩና መስኮቱ ብረት ነው። እዚያው ክፍል ተቀምጦ ለደንበኛ ድረ ገጽ የሚሠራው ባለሙያችን ግን ቸር ሰው ነው፤ የገጹን በር ላገኘው ሁሉ ወለል አድርጎ ይከፍታል።

ለምን ይልፋ? የካላንደሩም የቻቱም ኮድ ከማያውቀው ሰው ሰርቨር በአንድ መስመር ይመጣለታል። የመጣው ፋይል ገጹ ላይ እንደ ባለቤት ያዛል፤ የይለፍ ቃል ያነባል፣ የካርድ ቁጥር ይቀዳል፣ ጽሑፍ ይለውጣል። እንግዳ ከዚህ በላይ የት ይከበራል?

የቤቱንም ፋይል አይነፍግም። በፒኤችፒ ቴምፕሌቱ የሚከፈተውን ፋይል ስም ከአድራሻው መስመር እንዳለ ተቀብሎ ፋይል ለሚጠራው የኢንክሉድ ትእዛዝ ያቀብላል። ጎብኚው በስሙ ፈንታ ሁለት ነጥብና እዝባር (../)፣ ሁለት ነጥብና እዝባር እየደረደረ ፎልደር በፎልደር ሽቅብ ቢወጣ የሰርቨሩን የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያነባል። የፒኤችፒ ሰዎች ምቀኝነት ይዟቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 5.2 ስሪት ከሩቅ አድራሻ ኢንክሉድ ማድረግን፣ አውቀው ካልከፈቱት በቀር ዝግ አደረጉት። ባለሙያችን መች ተሸንፎ፤ አውቆ ይከፍተዋል።

ልግስናው ፍሬ አፍርቷል። ገጾችን ለአካል ጉዳተኞች ምቹ የሚያደርገው የናጊሽ ኮድ የዜና ገጹን ዋይኔትን ጨምሮ በብዙ የእስራኤል ገጾች ላይ ከአንድ አድራሻ ይጫን ነበር። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 2019 ሰርጎ ገቦች የማንንም ጋዜጣ ሰርቨር ሳይሰብሩ የናጊሽን የዲኤንኤስ (የድር አድራሻ) መዝገብ ወደ ራሳቸው አዞሩ፤ «ኢየሩሳሌም የፍልስጤም ዋና ከተማ ናት» የሚል መፈክር በየገጹ ወጣ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስም ተደግሶልን ነበር። ያከሸፈው የእኛ ጥበቃ እንዳይመስላችሁ! ኮዳቸው «ዊንዶውስ» የሚለውን ስም ለብቻው ሲጠብቅ ስሙ ከነስሪት ቁጥሩ መጣበትና ሳይተዋወቁ ተላለፉ። የአገር መከላከያችን የጠላት ፕሮግራመር ስንፍና ሆነ፤ እድሜ ይስጠው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አሮጌ ብሮውዘሮችን የሚረዳው የፖሊፊል ኮድ የሚጫንበት አድራሻ ለአንድ የቻይና ኩባንያ ተሸጠ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በጁን፣ ኮዱን ከዚያ የሚጭኑት ከ100,000 በላይ ገጾች ተንኮል ሲያድሉ ተገኙ፤ አንዳንዱ ጎብኚ ራሱን ውርርድ ቤት አገኘው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባል ነበር፤ አሁን ግን አጥሩ ከነባለቤቱ ይሸጣል፤ ለተከራዩ የሚነግረው የለም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ በያዝከው ግፋበት። ፋይሉን ገልብጠህ ራስህ ሰርቨር ላይ አታስቀምጥ፤ ቦታ ይፈጃል። ኮዱ መለወጡን የሚያጋልጠውን የሃሽ ማረጋገጫ አታስገባ፤ እንግዳ አይፈተሽም። የሚከፈቱትን ፋይሎች ለይተህ በዝርዝር አትወስን፤ አድልዎ ነው። ደንበኛህ ካርዱ ተራቁቶ ሲደውልልህም «ያ ኮድ የእኔ አይደለም» በለው። እውነትህን ነው፤ ጥፋትህም እሱው ነው።