ግንድ ወይስ አዞ? የጫሞ ተሳፋሪ የዕይታ ሥነ ልቦና

ግንድ ረዥም፣ ሸካራ፣ የጭቃ ቀለም ያለውና በሐይቅ ዳር ሳይንቀሳቀስ የሚውል ነገር ነው። አዞም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ዋና ልዩነት አንደኛው አልፎ አልፎ ሐሳቡን መለወጡ ነው። ለጉዳዩ ጥናት የሚመረጠው ሥፍራ የአርባ ምንጩ ጫሞ ሐይቅ፣ በተለይም የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አካባቢ ያለውና «የአዞ ገበያ» የሚባለው ዳርቻ ነው። ስሙ የወጣለት አዞዎቹ ፀሐይ ለመሞቅ በብዛት ስለሚሰበሰቡበት እንጂ የሚሸጥ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ወርዶ ዋጋ የሚጠይቅም የለም።

የአዞ ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ ከራሱ አናት ላይ ስለተደረደሩ ከውሃው በላይ የሚታየው ጥቂት እብጠት ብቻ ነው። አምስት ሜትር የሚደርስ እንስሳ እንዲህ ራሱን ሲያሳጥር የቀረውን መሙላት የተመልካቹ አእምሮ ዕዳ ይሆናል። አእምሮም ሲሞላ ለጀልባው የተከፈለውን ሒሳብ አይረሳም። ከፍሎ የተሳፈረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በሐይቁ ላይ ግንድ የሚባል ነገር አያገኝም። አስጎብኚው ጣቱን የቀሰረበት ጉቶ ወዲያው ዓይን ያወጣል፤ ጥርስ የሚያበቅልም አለ። ከሃያኛው አዞ በኋላ መላመድ ይመጣና ነገሩ ይገለበጣል፦ አፉን ከፍቶ የተጋደመው እውነተኛ አዞ እንደ ግንድ ይታለፋል፤ ተሳፋሪው ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ቅድም ያነሳውን የአዞ ፎቶ ያያል።

ይህ ግርታ ለሳይንስ አዲስ አይደለም፦ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ተመራማሪዎች ራዳር ላይ ብልጭ ያለች ነጥብ እውነተኛ ምልክት ናት ወይስ ውዥንብር የሚለውን ፍርድ በስሌት አስቀምጠዋል። በስሌቱ መሠረት ተመልካች የሚሳሳተው በሁለት መንገድ ነው፦ የሌለውን አለ ይላል፣ ያለውን የለም ይላል። ወደየትኛው እንደሚያዘነብል የሚወስነው የዓይኑ ጥራት ብቻ ሳይሆን የስህተቱ ዋጋም ነው። ግንዱን አዞ ያለ ሰው የሚከፍለው አንድ ጩኸትና የጎረቤት ሳቅ ነው። አዞውን ግንድ ያለው ምን እንደሚከፍል ከራሱ አንደበት መስማት ግን አስቸጋሪ ነው፤ እንዲህ ያለው ተሳታፊ ለቃለ መጠይቅ አይመችም። ይህን ሁሉ ያለ ራዳር «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብሎ የጨረሰው ሰው ስሙ በመስኩ ታሪክ አለመመዝገቡ ያስቆጫል።

ከዕይታ ስህተት ቀጥሎ የሚመጣው የትኩረት ስህተት ነው፤ ለዚህ ደግሞ የአርባ ምንጭ ክፍል ወደሆነው ወደ ሴቻ ከፍታ መውጣት ያሻል። ከዚያ ሲታይ በስተግራ ወንዞች ጠርገው ባመጡት ደለል የቀላው አባያ፣ በስተቀኝ ሰማያዊው ጫሞ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት ተዘርግቷል። ሥፍራው አንድ ሙከራ ያስታውሳል፦ በ1999 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሳይመንስና ክሪስቶፈር ሻብሪ በሃርቫርድ ሠርተው ባሳተሙት ጥናት፣ የኳስ ቅብብል እንዲቆጥሩ ከታዘዙ ተመልካቾች ግማሽ ያህሉ በተጫዋቾቹ መሐል ደረቱን እየደለቀ ያለፈውን ጎሪላ አላዩትም። ተመራማሪዎቹ ሰው የጎሪላ ልብስ አልብሰው ማሰለፍ ነበረባቸው። ሴቻ ላይ ይህ ድካም የለም፤ ዝንጀሮው የራሱን ለብሶ ይመጣል። ምሳ ላይ የተቀመጠው እንግዳ የሁለቱን ሐይቆች ቀለም ሲያነጻጽር፣ ከሳህኑ ላይ ዳቦ፣ ከጎኑም ሙዝ ይቀነሳል። የሃርቫርዱ ጎሪላ የማንንም ምሳ ስላልነካ ሙከራው በዚህ በኩል ጎዶሎ ነው። ዝንጀሮው በበኩሉ ሳህኑን ሳይሆን የሰውየውን አንገት እንደሚከታተል፣ አንገቱ ወደ ሐይቁ ሲዞርም እንደሚነሳ በማየት የትኩረትን ጠባይ ከማንም የተሻለ እንደሚያውቅ መገመት ይቻላል።

ከጥቂት ምልክት ሙሉ እንስሳ መሥራት የጎብኚ ድክመት ብቻ ተደርጎ እንዳይወሰድ በዚያው አካባቢ ካለው የነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ አንድ ጉዳይ መነሳት አለበት። በ1990 እ.ኤ.አ. ከካምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ የሞተች ወፍ አገኙ። ወገኗ ናይትጃር የሚባለው፣ በሌሊት ነፍሳት የሚያድነው ነው (የሌሊት ወፍ ሌላ ነውና ግራ እንዳያጋባ)። አካሏ ክፉኛ ስለተበላሸ ይዘው የተመለሱት አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ተመረመረ፣ ከሌሎች ጋር ተነጻጸረ፤ በ1995 እ.ኤ.አ. አዲስ የወፍ ዝርያ መሆኑ ታወጀ፤ የተሰጠው የላቲን ስምም «ብቸኛ ክንፍ» ከሚሉ ቃላት የተገጣጠመ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታይ፣ ሦስት እብጠት አይቶ አንድ አዞ የሚሞላው የጫሞ ተሳፋሪ እጅግ ጥንቁቅ ተመራማሪ ነው።