ሚጥሚጣ በኪስ

ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ መሥሪያ ቤት ከበዛበት የአዲስ አበባ ሰፈር አንዱ ምግብ ቤት ጎራ ብትሉ፣ ጣሊያን ውስጥ የሌለ የጣሊያን ምግብ ትሪ ሙሉ ታገኛላችሁ። ፓስታ በአትክልት ነው። እንጀራው ላይ ተገልብጧል፤ ካሮቱና ጥቅል ጎመኑ ከጎኑ፣ ስጎው ከላዩ። ሹካ ይቀርባል፤ ለክብር ያህል ነው። ተመጋቢው እንጀራውን ቆረስ፣ ፓስታውን ሰብሰብ፣ ጠቅለል አድርጎ ያነሣዋል። ከጣቶቹ መሀል ያመለጠ ዘለላ ካለ አንገቱን ቀና አድርጎ ከታች ይቀበለዋል። ቃሪያ በመሀል ይገመጣል። ብዙም ሳይቆይ ሂሳብ ተከፍሎ ቡና ይታዘዛል።

ለሥራ የመጣ አንድ የሮም ሰው ይህን ያየ ቀን ቡናውን መጠጣት ረስቶ ፈዞ ቀረ። «ዳቦ በዳቦ!» አለኝ በመጨረሻ፤ ከልቡ አዝኗል። እኔም ተንኮሌ አላስችል ብሎኝ፣ «እናንተስ ሳህን ላይ የቀረውን ስጎ በዳቦ ጥርግ አድርጋችሁ የምትበሉት ምን በምን ነው?» አልኩት። «እሱ ሌላ ነው» አለ።

ስለ ጣሊያን ምግብ ከጣሊያን ጋር የሚደረግ ክርክር ሁሉ መጨረሻው ይህ ነው። እነሱ የሚያደርጉት ሌላ ነው። እኔም ከዚያ ወዲህ «ትክክለኛ የጣሊያን ምግብ» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ «በማን ቤት?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬአለሁ።

እንግዳዬን ላለማስቀየም ስል ሳልነግረው የቀረ አለ። ደረቁ ፓስታ የሚሠራው ዱረም ከሚባለው ጠንካራ ስንዴ ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችንን ሲዞር (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፤ ይሁንላቸው) ካስደነቁት ነገሮች አንዱ የዚሁ ስንዴ ዝርያ ብዛት ነበር። ቲማቲሙንም ቢሆን ጣሊያኖቹ ከአሜሪካ አህጉር ነው ያገኙት፤ ናፖሊ ውስጥ የቲማቲም ስጎ አሠራር በመጽሐፍ የታተመው በ1690ዎቹ ነው፣ ያውም «የስፔን ዓይነት» ተብሎ። የእኛም በርበሬ ዘሩ ከዚያው አህጉር ነው። ታዲያ ቲማቲምና በርበሬ አንድ ድስት ውስጥ ቢገናኙ፣ የአገር ልጆች በስደት ተገናኙ እንጂ ምን ወንጀል ተሠራ?

በፓስታ ላይ የተነሣው ትልቁ ጠላት እኮ የኛ እንጀራ አይደለም፤ የገዛ አገሩ ሰው ነው። ፊሊፖ ቶማሶ ማሪኔቲ የሚባል ገጣሚ በ1930 መጨረሻ ቱሪን በሚታተም ጋዜጣ ላይ፣ ፓስታ ከጣሊያን ምድር ይጥፋ የሚል አዋጅ አወጣ። ፓስታ በሊታ ሰነፍ፣ ተካዥና ለጦርነት የማይመች ይሆናል ነው ነገሩ። ይኸው ሰው ጥቂት ዓመታት ቆይቶ፣ ዕድሜው ሃምሳዎቹን እያገባደደ፣ በፈቃደኝነት የዘመተው ወዴት ይመስላችኋል? ወደኛ። በ1941 የሱ ወገን ተሸንፎ ከአዲስ አበባ ወጣ፤ ፓስታው ቀረ። የጠላት ጠላት ወዳጅ ነውና በክብር ተቀበልነው።

ወደ ቤታችን ስንመጣ የእናቴ ሕግ የታወቀ ነው። ስፓጌቲው ለሁለት ይሰበራል። ውሃው ላይ ዘይት ጠብ ይደረጋል። ሽንኩርቱ ቁሌት ሆኖ፣ ቲማቲሙ ገብቶበት፣ ስጎው ከረፋድ ጀምሮ ይንተከተካል። ፓስታው ደግሞ እጅ እስኪሰጥ ድረስ ይቀቀላል። ይህን ሥርዓት እህቴ ቦሎኛ የተማረ ሰው እስክታገባ ድረስ የደፈረው አልነበረም።

አማቻችን ጨዋ ሰው ነው። ሳህን ፊቱ ሲቀመጥ ብቻ ነው ጠባዩ የሚለወጠው። ገና በመጀመሪያው ግብዣ፣ «ስፓጌቲ ቦሎኔዝ የሚባል ነገር ቦሎኛ ውስጥ የለም» ብሎ ጀመረ። ያ የሥጋ ስጎ የሚበላው ታሊያቴሌ በሚባለው ጠፍጣፋ ፓስታ ነው አለን። ስፋቱም በዘፈቀደ አይደለም፤ በ1972 ከወርቅ የተሠራ አንድ ዘለላ ለማስረጃ በከተማዋ ንግድ ምክር ቤት ተቀምጧል። በስሎ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህም የከተማዋ ዝነኛ የአዚኔሊ ግንብ ቁመት 12,270 ቦታ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው።

እናቴ በጥሞና ሰማችው። «ወርቁንማ በልተው እንዳይጨርሱት ነው ያስቀመጡት» አለች።

በሌላ ቀን ደግሞ ከምድጃው አጠገብ ሰዓቱን እያየ ቆመ።

«እማማ፣ አሁን ያውጡት፤ ዘጠኝ ደቂቃው ሞላ።»

«ገና ጥሬ ነው እኮ፣ ልጄ።»

«ጥርስ ላይ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት። አልዴንቴ ይባላል።»

«የቤቴን እንግዳ ጥሬ አብልቼው ሆዱ ሲነፋስ ምን ይባላል?»

ለፍርድ ያህል፣ በዚህ ጉዳይ እሱ ልክ ነው፤ ፓስታ ሲልም አይጥምም። በስጎው ግን እናቴ ታሸንፋለች። የናፖሊ እናቶች የእሑድ ራጉ የሚሉት ስጎ እሳቱ ቀንሶ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ፣ ሰዓታት ነው የሚፈጀው። ናፖሊ የመሄድ ዕድል ቢገጥማት ከሴቶቹ ጋር ያለ አስተርጓሚ የምትግባባ ይመስለኛል።

አማቻችን እጁን አልሰጠም። አንድ እሑድ ከሮም በሰው ያስመጣውን ፔኮሪኖ የሚባል የበግ ወተት አይብ ይዞ ማድ ቤት ገባና ሁላችንንም አስወጣን። ሊሠራ ያሰበው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፦ ፓስታ፣ አይብ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ፓስታው የተቀቀለበት ውሃ። ሌላ የለም፤ ሽንኩርት የለም፤ ዘይት እንኳ የለም። እናቴ በበሩ ቀዳዳ ስታይ፣ «ቤቱ ሙሉ ዕቃ እያለ ምን ያስጨንቀዋል?» ትላለች። ቁንዶ በርበሬው ተቆላ፣ ሽታው ሳሎን ደረሰ። የተፈገፈገው አይብ ትኩሱ ፓስታ ላይ ተበተነ፣ ማማሰል ተጀመረ። መጀመሪያ ላይ ነጭ ሆኖ ሲያብረቀርቅ ዓይን ይስብ ነበር። ወዲያው ግን አይቡ ከውሃው ተለየና ተኮማተረ፤ ከማንኪያው ጋር እንደ ማስቲካ እየተሳበ ይመጣል፣ የቀረው ድስቱ ሥር ጓል ሆኖ ቁጭ አለ። ላቡ በጆሮ ግንዱ ይወርድ ጀመር።

እናቴ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ለአራስ አጥሚት ስትሠራ የኖረች ሴት ናት፤ የጓጎለ ነገር ማየት አትወድም። የበቆሎ ስታርች በማንኪያ ጫፍ ወስዳ በቀዝቃዛ ውሃ በጠበጠች፣ እሳት ላይ ወፈር እስኪል አማሰለች፣ በረድ ሲልላት የተረፈውን አይብ ጥቂት በጥቂት ጨመረችበት። ጓል የሌለው፣ ልስልስ ያለ ነገር ወጣው። አማቻችን «ይኼማ ማጭበርበር ነው» አለ። ብሎም ሁለቴ አስጨመረ።

በ2025 ጣሊያናውያን የፊዚክስ ሰዎች ይኸው ስጎ ለምን እንደሚጓጉል አጥንተው ኢግ ኖቤል የሚባለውን፣ አስቀድሞ የሚያስቅ ኋላ የሚያሳስብ ሥራ የሚሸለምበትን ሽልማት ወሰዱ። ያገኙት መላ፦ ከአይቡ ክብደት 2 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ስታርች በውሃ በጥብጦ ማሞቅ፣ ቀዝቀዝ ሲል አይቡን ማዋሃድ። ለእናቴ የደረሳት ሽልማት ድስቱን መፈግፈግ ነበር።

ምግብ ቤትን በተመለከተ፣ ልጅ ሳለን የጣሊያን ምግብ ቤት ማለት የፒያሳው ካስቴሊ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ እዚሁ የቀረ ጣሊያናዊ ያቋቋመው፣ የውጭ አገር ትልልቅ ሰዎች ሳይቀሩ የበሉበት ቤት ነው። አባቴም ደንበኛ ነበር፤ በበሩ ሲያልፍ እርምጃውን ቀነስ አድርጎ ሽታውን ይወስዳል። ለኪሳችን የሚሆነው ኤንሪኮ ኬክ ቤት ነበር፤ እሱ ደግሞ አርፍዶ ለመጣ ሰው ኬክ አያቆይም ነበር።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። በየመንገዱ «ኦሪጅናል የናፖሊ ፒዛ» የሚል ሰሌዳ አለ። የናፖሊ ሰዎች በ1984 እውነተኛውን የናፖሊ ፒዛ ከሐሰተኛው የሚጠብቅ ማኅበር መሥርተው ሕግ አውጥተዋል፦ ምድጃ ውስጥ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ፣ ስፋቱም ከ35 ሳንቲ ሜትር ያልበለጠ። ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት ያዘዝኩት «ኦሪጅናል» ግን ጋዜጣዬን ጨርሼ፣ የጎረቤቴን ጋዜጣ ተውሼ ነው የደረሰው። ቱና አለበት፣ ቃሪያ አለበት፣ በቆሎም አለበት። አስተናጋጇ ፊቴን አየችና አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ማዮኔዝና ካቻፕ ላምጣልዎት?» አለችኝ። አምጪ አልኩ። ምን ልበል?

የሚገርመው፣ እዚያው ሜኑ ላይ ከታች በትንሹ የተጻፈው፣ ማንም ኦሪጅናል ነው ብሎ የማይፎክርበት የጾም ፒዛ ነው ለናፖሊ የቀረበው። ማኅበሩ ከሚያውቃቸው ከሁለቱ ነባር ፒዛዎች አንዱ ማሪናራ ነው፦ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖ፣ ዘይት። አይብ የሚባል አልነካውም። በዐቢይ ጾም ለመነኩሴ ቢቀርብ ነውር የለውም። ይህን ለአማቻችን ነግሬው ሦስት ቀን አኩርፏል።

ሮም የሄድኩ ጊዜ ታዲያ ጾሙ ያዋጣኝ መሰለ። የሮም ዝነኛ ፓስታዎች ካርቦናራውም፣ አማትሪቻናውም፣ ግሪቻውም የአሳማ ጉንጭ አለባቸው፤ ላላደገበት ሰው አይሆኑም። ይሁን እንጂ ስለነሱ ሲጣሉ መስማት ራሱ ያጠግባል። በ2015 አንድ ስመ ጥር ሼፍ አማትሪቻና ላይ ነጭ ሽንኩርት እጨምራለሁ በማለቱ የአማትሪቼ ከተማ ማዘጋጃ ቤት መግለጫ አውጥቶበታል፤ ማዘጋጃ ቤት! ካርቦናራ ላይ ከእንቁላል፣ ከጉንጩ፣ ከፔኮሪኖና ከቁንዶ በርበሬ ሌላ የጨመረ ሰው ከሰው አይቆጠርም። ነገር ግን በ1954 አንድ የታወቀ የጣሊያን የምግብ መጽሔት ካርቦናራን ሲያስተምር ነጭ ሽንኩርትና ግሩዬር የሚባል የስዊስ አይብ አስገብቶበት ነበር። አያቶቻቸው ያልያዙትን ሕግ የልጅ ልጆቹ ያስከብራሉ።

ምግብ ቤት ስገባ መጀመሪያ ያሞኘኝ የአቀራረቡ ተራ ነው። እኛ ፓስታ ከመጣ ምግብ መጣ ብለን ሳህኑን እንወለውላለን። እዚያ ያ መንደርደሪያ ነው፤ አስተናጋጁ መጥቶ «ሁለተኛውስ?» ይላል፣ ሥጋውን ማለቱ ነው። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ስጠይቅ ደግሞ ሐኪም አገርሽቶበት የተመለሰ በሽተኛ እንደሚያይ አየኝ። ካፑቺኖ የጠዋት ነው፤ ሆድ ከሞላ በኋላ ወተት የሚጠጣው ማን ነው? ማኪያቶ አልከለከለኝም፤ ሲመጣ ግን ከአዲስ አበባው ማኪያቶ ጋር ዝምድናው በስም ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ጉንጭ አይሞላም።

አሳማውን ሽሽት የገባሁበት ስፓጌቲ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በደረቅ ቃሪያ የሚሠራ ነው። ከኛ የጾም ፓስታ ጋር ወንድማማች ይሆናል ብዬ በተስፋ ጎረስኩ። ቃሪያው ስሙ አለ እንጂ ጉልበቱ የለም። ሐበሻ ካገሩ ሲወጣ ፓስፖርቱን ቢረሳ ሚጥሚጣውን አይረሳምና እጄን ወደ ኪሴ ሰደድኩ፣ ከጠረጴዛው ሥር ብልቃጧን ከፈትኩ፣ ነስነስ አደረግሁ። አስተናጋጁ ከወዴት እንደ መጣ እንጃ፣ ከትከሻዬ በላይ ቆሟል። ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ። «ቃሪያ እኮ አለው» አለኝ፤ የእንግሊዝኛው ስብራት የልቡን ስብራት አልሸፈነለትም።

ማታውን ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ወዳሉት የኛና የኤርትራውያን ምግብ ቤቶች አቀናሁ። ከጎኔ ሁለት ወጣት ጣሊያኖች እንጀራውን እንደ ተጠቀለለ ሳህናቸው ላይ አጋድመው በቢላዋ እየቆራረጡ፣ በሹካ እየወጉ ይበላሉ። ሽሮው ለብቻው በማንኪያ ይጠጣል። ደሜ ፈላ። ቡናውን መጠጣት የረሳው የሮም ሰው ትዝ ሳይለኝ አልቀረም፤ ግን ይኼኛው በእርግጥም ሌላ ነው።

ልናገር ከመቀመጫዬ ስነሣ፣ ጥግ ላይ ብቻቸውን የሚበሉ ፀጉራቸው የነጣ ጣሊያናዊ ቀደሙኝ። ልጆቹን በቋንቋቸው ገሠጿቸው፣ እጃቸውን እያሳዩ። ቀጥለው ወደኔ ዞሩና፣ «ይቅር ይበሏቸው፣ አላደጉበትም» አሉኝ፤ በአማርኛ፣ ያውም በድሮው የፒያሳ አማርኛ። አዲስ አበባ ተወልደው፣ በደርግ ጊዜ ወጥተው፣ እዚያው ያረጁ ሰው ናቸው። አንድ ማዕድ ላይ ሆንን። የቀኑን ውርደቴን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ጥፋቱ የሚጥሚጣው አይደለም» አሉኝ፣ «የሰዓቱ ነው። ሰውዬው ውሃ ሊያመጣ ሲሄድ ነው የሚነሰነሰው።»

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አውጥተው ወደኔ ገፋ አደረጓት።

«ይቅመሱት እስቲ፤ ከመርካቶ ነው የሚልኩልኝ።»