ትከሻ እያለ በጣት

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ቅዳሜ ከሰዓት ከሾላ ገበያ ሲወጣ ሁለቱም እጆቹ ሥራ ላይ ናቸው። በቀኙ ድንችና ሽንኩርት፣ በግራው ባለ 5 ሊትር ዘይት፣ በትንሿ ጣቱ ደግሞ ከሌላው ጋር እንዳይጨፈለቅ ለብቻው የተንጠለጠለ ቲማቲም። ከዚህ ሁሉ ኋላ ሰፊ፣ ጠንካራ፣ ምንም ያልያዘ ጀርባ አለ። ሸክም እንዲችል ተደርጎ የተሠራው የሰውነት ክፍል ባዶውን ወደ ቤት ሲንሸራሸር፣ ለእስክሪብቶና ለጉርሻ የተሠሩት ጣቶች የሳምንቱን አስቤዛ ይጎትታሉ። እኔ የምለው አጭር ነው፤ በእግሩ ገበያ ሄዶ በእግሩ የሚመለስ ሰው ጠንካራ የጀርባ ቦርሳ ያስፈልገዋል፤ ብዙው ሰው የማይገዛውም ብር አንሶት ሳይሆን ስለሚያፍር ነው።

እስኪ ሸክሙን እንመዝነው። 5 ኪሎ ድንች፣ 3 ኪሎ ሽንኩርትና 2 ኪሎ ቲማቲም ለአንድ ቤተሰብ ቅንጦት አይባልም። ዘይት ከውኃ ስለሚቀል 5 ሊትሩ 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። ድምሩ 15 ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው፤ ጥቅል ጎመኑ ገና አልተገዛም። ጾም ሲገባ ደግሞ ይብሳል፤ ሥጋና ቅቤ በትንሽ ቦታ ብዙ ያጠግባሉ፣ ድንች፣ ካሮትና ጎመን ግን አብዛኛው ክብደታቸው ውኃ ነው። የዐቢይ ጾም 55 ቀናት ለነፍስ ቢቀሉም ለክንድ ይከብዳሉ። አሁን ወደ ጣቱ እንምጣ። 5 ኪሎ የተሸከመ ፌስታል ማንጠልጠያው ተጨማድዶ ግማሽ ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ገመድ ይሆናል። ገመዱ 8 ሳንቲሜትር በሚያህል የጣት ሥጋ ላይ ሲያርፍ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲሜትር 1.25 ኪሎ ይደርሰዋል። 6 ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ማንገቻዎች እያንዳንዳቸው ትከሻ ላይ 15 ሳንቲሜትር ያህል ቢተኙ ግን፣ 15 ኪሎው በሙሉ ተጭኖ እንኳ ለካሬ ሳንቲሜትር የሚደርሰው ከ85 ግራም አይበልጥም። ስሌቱ የግምት ነው፤ ጣት ላይ የሚቀረው ሰንበር ግን ይመሰክርለታል። እ.ኤ.አ. በ1971 ዳታና ራማናታን የተባሉ የሕንድ ተመራማሪዎች ሰባት የአሸካከም ዘዴዎችን ሲያወዳድሩም ጉልበት በመጨረስ ከሁሉ የባሰው በእጅ ማንጠልጠል ሆኖ ተገኝቷል። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን አሳንሰር በሌለው ኮንዶሚኒየም፣ እስከ አራተኛ ፎቅ፣ ሎሚውን የሚካፈሉ አርባ ዘጠኝ ጎረቤቶች ደረጃ ላይ ተሰልፈው አይጠብቁም።

ከምርምሩ ይልቅ እኔን የሚያሳምነኝ ሰላምታችን ነው። የእኛ ሰላምታ «ደህና ነህ?» ተብሎ አያልቅም። ልጆች ይጠየቃሉ፣ የእናት ጤና ይጠየቃል፣ የዝናቡ ነገር ይነሳል፣ «እግዚአብሔር ይመስገን» በየመሀሉ ይገባል፤ ተሰነባበትን ሲባል ደግሞ «ስማ እንጂ» ተብሎ እንደ አዲስ ይጀመራል። ፌስታል ያንጠለጠለ ሰው ይህን ሁሉ የሚያስተናግደው እያማጠ ነው። መሬት ላይ እንዳያስቀምጠው ድንቹ ይበተናል፤ ወደ አንድ እጅ እንዳያጠቃልለው ማንጠልጠያው ይበጠሳል፤ ስለዚህ ለሚያከብረው ሰው አንጓውን ይዘረጋል፣ ያ ምስኪን ሰውዬም አንጓውን ይጨብጣል። ቦርሳ ያዘለ ሰው እጁን በወጉ ይሰጣል፣ ትከሻውንም በወጉ ይገጫል፤ ክረምት ከሆነም ጃንጥላውን ይይዛል። ፌስታል ከዚህም በላይ ምስጢር አይጠብቅም። ስስነቱ የውስጡን ሁሉ ስለሚያሳይ «ሽንኩርት ስንት ገባ?» የሚል መንገደኛ አይጠፋም፤ በጾም ቀን እንቁላል ከታየበት ደግሞ ማብራሪያ ይጠየቅበታል። ቦርሳ የጓዳን ጉዳይ በጓዳ ያስቀራል። ኑሮ በተወደደበት ዘመን ምን ያህል እንደገዙ ብቻ ሳይሆን ምን ያህል እንዳልገዙም አለመታየቱ ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለው ገበያ ላይ ለምን በብዛት አይታይም? «የጀርባ ቦርሳ የተማሪ ነው» ይባላል። ፀጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ኮት የለበሰ ሰው አዝሎት ቢታይ «ጋሼ፣ የማታ ትምህርት ጀመሩ እንዴ?» የሚል ሰፈርተኛ ይኖራል። ነገር ግን ያንኑ ቦርሳ ላፕቶፕ ከትቶ ቢሮ የሚገባ ሰው ሲያዝለው ዘመናዊ ይባላል። ስለዚህ የሚያሳፍረው ቦርሳው አይደለም፣ ከውስጡ ብቅ ያለው የጎመን ቅጠል ነው። ነገሩ ከዚያም ይጠልቃል። በዚህ አገር ጀርባ ሥራ ፈትቶ አያውቅም፤ እንስራው ከምንጭ የመጣው፣ ልጁ በአንቀልባ ያደገው፣ የእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ወደ ከተማ የወረደው በጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በጎረቤት ኬንያ በራሳቸው የሚሸከሙ የሉኦ ሴቶችና ጠፍሩን ግንባራቸው ላይ አድርገው በጀርባ የሚሸከሙ የኪኩዩ ሴቶች፣ ከሰውነታቸው ክብደት አንድ አምስተኛ የሚሆን ሸክም ተጨማሪ ጉልበት ሳያወጡ ይራመዱ ነበር። ያ የረጅም ዓመታት ልምድ ስለሆነ ቦርሳ በገዛ ማግስት አይጠበቅም። ልብ በሉ ግን፣ የተጠኑት ሴቶች ናቸው። እኛም ዘንድ ጀርባን ያስናቀው ሸክሙ ሳይሆን የተሸካሚው ማንነት ነው፤ ሴት፣ ድኻ፣ ኩሊ። የከተማው ጎልማሳ እነዚህን ላለመምሰል ሲል ጣቶቹን ይሠዋል። ክብር እንደዚህ በኪሎ ሲመዘን ውድ ነው።

ይግዛ ካልን ምኑን አይቶ ይግዛ? ብዙ ሰው መጀመሪያ ቀለሙን ያያል፣ ቀጥሎ ማርኩን፤ ማርኩ ደግሞ አንድ ፊደል ጎድሎት የተጻፈ የታዋቂ ድርጅት ስም ሊሆን ይችላል። መታየት ያለበት ማንገቻው ከቦርሳው አካል ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ነው፤ ቦርሳ ከሞተ አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው እዚያ ነውና። ገልብጣችሁ ውስጡን እዩት። የማንገቻው ጫፍ በአንድ መስመር ስፌት ብቻ ተሸጉጦ ከሆነ ለደብተር የተሠራ ነው፣ ለድንች አይሆንም። በአራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ በመስቀለኛ ስፌት ከተቆለፈ ይታመናል። ቀጥሎ ታቹን ዳብሱት፤ ድርብ መሆን አለበት፤ የዘይት ጀሪካን ማዕዘን የሚያርፈው እዚያ ነው። ሻጩ ስለ ጨርቁ «600 ዲ ነው» ቢላችሁ አትደናገጡ፤ 9,000 ሜትር የሚሆነው ክር 600 ግራም ይመዝናል ማለት ነው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል ክሩ ይወፍራል። 600 ለአስቤዛ ይበቃል። ከጨርቁ በፊት ስፌቱ ስለሚለቅ፣ ደካማ ስፌት ያለበት 1000 ዲ ከንቱ ነው። ዚፕ የቦርሳ ጉልበት ነው፤ ቀድሞ የሚያረጅ። እ.ኤ.አ. በ1934 ቶኪዮ ውስጥ የተመሠረተው የጃፓኑ ዋይኬኬ ዚፖች መልካም ስም አላቸው፤ እኔ ግን ለገበያ የምመርጠው አፉ በገመድ ተሰብስቦ ክዳን የሚደፋበትን ነው፣ አንድ ጎመን ሲጨመርበት አይፈነዳምና። ገበሩ የሚታጠብ ይሁን፤ ቲማቲም አንድ ቀን ይፈርጣል። የኪስ ብዛት አያማልላችሁ፤ አንዱ ውስጥ የተረሳ ነጭ ሽንኩርት ለፋሲካ በቅሎ ይገኛል። ስፋቱ 30 ሊትር ገደማ ከሆነ መልካም ነው። ከዚያ የሚበልጠው ወጥመድ ነው፤ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ሐብሐብ ይገዛል።

አደራደሩም ወግ አለው፤ እንደ ሠርግ ቤት ሁሉም በማዕረጉ ይቀመጣል። ድንች ከታች፣ ዘይት ቀጥ ብሎ ከጀርባ ተጠግቶ፣ ሽንኩርት በጎኑ፣ ቲማቲምና ሙዝ ከላይ። ከባዱ ዕቃ ከጀርባ ከራቀ ሰውየውን ወደ ኋላ ይጎትተዋል፤ ማንገቻው ላልቶ ቦርሳው ከወገብ በታች ከወረደም እንዲሁ። «ቦርሳ ወገቤን አሳመመኝ» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ የሚመነጨው ከዚህ ነው። የወገብ ቀበቶ ካለው ይታሰር፤ ከትከሻ ላይ ብዙ ሸክም ያነሳል። በእርግጥም የዲስክ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ይስማ እንጂ እኔን አይስማ።

ሌባ አለ ይባላል። አለ። ታክሲ ውስጥ ቦርሳን ወደ ደረት ማዞር ይበቃል፤ የኪስ ቦርሳ ከድንች ጋር ካልተቀመጠ ደግሞ ሌባው የሚያገኘው ሽንኩርት ነው፣ ያውም ከሦስት ኪሎ ጋር ሊሮጥ። ዘንቢልስ ምን አለበት የሚሉ ወገኖች ክርክራቸው ይከበራል፤ ዘንቢል ያምራል፣ ይጠገናል፣ ዕድሜም አለው። ሆኖም ሸክሙን ሁሉ ለአንድ ክንድ ይሰጣል፣ ሰውም ከገበያ አዘንብሎ ይመለሳል። እንጀራ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፤ የበዓል ዋዜማ ዶሮም እንዲሁ፣ ቢገባ እንኳ ዝም ብሎ አይሄድም። ልጅ ያዘለች እናት ጀርባዋ ተይዟል፤ በዚህ ጊዜ ቦርሳው የአባትየው ነው።

ፌስታሉም ቢሆን ዕድሜው አጥሯል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች የሆነውን የማይበሰብስ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ገበያተኛው ግን «ደርብልኝ» እያለ ውፍረቱን ራሱ ሲያስተካክል ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ነገሩን አጠንክሮ ፌስታል ይዞ በተገኘ ሰው ላይም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ደንግጓል። ከእንግዲህ ፌስታል በነፃ ይገኛል ማለት አይቻልም። አዲሱ ቦርሳ ከተወደደባችሁ ሰልባጅ ተራ ውጡ፤ ከሌላ ሰው ጀርባ ወርዶ ስፌቱ ያልለቀቀ ቦርሳ ፈተናውን አልፏል። አዲስ የምትገዙ ከሆነ ግን መጀመሪያ 5 ኪሎ ድንች ግዙና ይዛችሁት ሱቁ ግቡ። ድንቹን ከትታችሁ ቦርሳውን በአንድ ማንገቻ ብቻ አንጠልጥላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ባለሱቁ «ተው፣ ይቀደዳል!» ካላችሁ አመስግኑትና ወደሚቀጥለው ሱቅ እለፉ።