እባካችሁ፣ ቀረጻ ላይ ነን

በቆርቆሮ ቤት ውስጥ እንጨት እየሠራን፣ የምንሠራውንም በስልክ ቀርጸን ለሰው ለማስተማር የተነሣን ሰዎች የምንለምነው ብዙ ነገር አይደለም። ዐሥር ደቂቃ ጸጥታ። ዐሥር ደቂቃ መብራት። ዐሥር ደቂቃ ሰው የማይገባበት በር። ሦስቱ ግን በአንድ ቀን ተገናኝተው አያውቁም። መብራት ሲኖር ጸጥታ የለም፤ ጸጥታ ከሰፈነ ደግሞ መብራት ሄዷል ማለት ነው፤ ሰፈሩ ጸጥ የሚለው ጎረቤታችን ያለው ብረት ቤት ኤሌክትሪክ ሲያጣ ብቻ ነውና።

በአዲስ አበባ እንጨት ቤትና ብረት ቤት ጎን ለጎን ካልሆኑ የሚሆንላቸው አይመስልም። ማን እንዳዘዘው እንጃ። ጎረቤታችን የበር ፍሬም መበየድ ሲጀምር የእኛ አምፖል ይደክማል፣ የትራፓኗችንም ድምፅ ይሰልላል። ብየዳው ሲቆም ፍሌክሱ ይነሣል። ፍሌክሱ ሲቆም መዶሻው ይቀጥላል። «ወንድሜ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ ታገሠን» ብለን ስንለምነው «ምን ችግር አለው!» ይለናል። ደግ ሰው ነው፤ እውነትም ያቆማል። አቁሞም ምን እንደምንቀርጽ ለማየት ከነሠራተኞቹ ወደ እኛ ይመጣል።

መንገዱም አያርፍ። «ሁለቱን እንጨቶች አሁን እንዴት እንደምናገናኛቸው ልብ በሉ» ስንል «ቁራሌው!» የሚል ድምፅ ያልፋል። እሱ ሲርቅ ልዋጭ ባዩ ይደርሳል። ክረምትማ አይነሣ። ከሰኔ ጀምሮ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው አጠገባችን ያለው ሰው እንኳ አይሰማንም፤ ስለዚህ እስከ መስከረም በምልክት እናስተምራለን።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሰላምታው ነው። «ቀረጻ ላይ ነን» የሚል ወረቀት በራችን ላይ ለጥፈናል። ወረቀቱ የፈየደው ነገር ቢኖር፣ ዝም ብሎ ያልፍ የነበረው ሰው ሁሉ «የምን ቀረጻ ነው?» እያለ እንዲገባ ማድረግ ነው። ወጣቱንስ በእጃችን ምልክት እንመልሰዋለን። እማማ ሲመጡ ግን ምን ይደረጋል? «እንደምን ዋላችሁ ልጆቼ» ይላሉ ከደጃፉ ቆመው። መሮና መዶሻ ይዘን ዝም ብንል ባለጌዎች ነን። ስለዚህ ብድግ እንላለን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? ልጅዎ ከዓረብ አገር ደወለች? ደውላለች። እንዴት ናት? ደህና ናት፣ ቀጣሪዎቿ ብቻ እንቅልፍ ነሷት። ይህ ሁሉ በስልኩ እየተቀረጸ ነው። በመጨረሻ እማማ ይመርቁናል፤ ምርቃት ደግሞ መሀል ላይ አይቋረጥም። እኛ «አሜን» ስንል፣ ደግመን «አሜን» ስንል፣ የቀባነው ኮላ ይደርቃል።

መብራት አለ ብለን ደግሞ አንጽናና። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ርካሹ አምፖላችን በዚያው ሒሳብ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደበዝዛል። ዓይናችን ይህን አያየውም። ስልኩ ግን ያየዋል። ስልኩ በሰከንድ 30 ምስል ያነሣል፣ 30 እና 100 ደግሞ አይስማሙም፤ ስለዚህ በጣውላው ላይ ጥቁር ሰንበር ሲንሸራሸር ይውላል። ወደ 25 አውርዱት ይላሉ ዐዋቂዎቹ። ልክ ናቸው። እኛ የያዝነው ስልክ ግን 25 የሚባል ቁጥር አያውቅም። እንግዲህ ወደ ደጃፉ፣ ወደ ፀሐዩ ጠጋ እንበል እንላለን። ደጃፉ ላይ ደግሞ እማማ አሉ።

የስልክ ማይክም የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅ ጩኸት ሲሰማ ድምፁን ይቀንሳል፤ ጸጥ ሲል ወዲያው አይመለስም፣ ቀስ ብሎ ነው። ስለዚህ መጋዙን አጥፍተን «ዋናው ነገር ይኸውላችሁ» ስንል ዋናው ነገር አይሰማም። የሚሰማው ከዋናው ነገር በኋላ ያለው ነው። ማስክ ካደረግን ድምፃችን ይታፈናል። ካላደረግን ተመልካች ይቆጣናል፤ እውነቱንም ነው፣ የእንጨት ብናኝ በዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካንሰር አምጪ ተብሎ ከተመዘገበ ቆይቷል። የካሜራውን ዓይን የሸፈነውን ሰጋቱራ በሸሚዛችን እንጠርጋለን፤ ሸሚዛችንም ያው ሰጋቱራ ነው።

የአሜሪካው አናጢ ኖርም አብራም ከ1989 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. «ዘ ኒው ያንኪ ወርክሾፕ» በሚባለው የቴሌቪዥን ዝግጅቱ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ይሠራው ነበር፤ መጀመሪያ ለሙከራ፣ ቀጥሎ ለካሜራ። ሁለት ጊዜ! እኛ አንዱን የምንሠራው በደንበኛ ቀብድ ነው። ተዋናይ ቢሳሳት ይደግማል፣ ዘፋኝ ቢስት ይደግማል፤ የተቆረጠ እንጨት ግን አይደገምም። ተለማማጁ «ጋሼ፣ ለካ አልጀመረም ነበር» ሲል እንጨቱ ለሁለት ተከፍሎ መሬት ላይ ነው። ያን ጊዜ ሁለቱን ቁራጮች ገጥመን፣ መጋዙን በተቆረጠው ላይ እያንሸራተትን የቆረጥን እንመስላለን። ስልኩ ሲጀምርለትም ልጁ የሚቀርጸው መሮውን ሳይሆን ፊታችንን ነው። ማክበሩ ነው፤ ምን ይባላል?

እንጨቱስ ቢሆን? በውጭ ቪዲዮ የምናየው ጣውላ ማድረቂያ ክፍል ገብቶ የወጣ ነው። እኛ ዋንዛ እንዳንል፣ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ኮሶና ጽድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ የ1986 ዓ.ም. የደን አዋጅ ከልክሎ ነበር። ክልከላው ደግ ነበር፣ ዛፉ ይትረፍ። በየደጁ የበቀለው ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። የሚተርፈን እርጥቡ ባሕር ዛፍ ነው። ማክሰኞ ቀጥ ብሎ የተቀረጸው ጣውላ ሐሙስ ተጣሞ ይጠብቀናል፤ ተመልካች ሌላ እንጨት የቀየርን ይመስለዋል። ሞራሌውም እንደዚያው ነው። ነጋዴው «5 በ7» ብሎ የሸጠልን፣ ሜትር ሲዘረጋበት 5ም አይደለም፣ 7ም አይደለም። ለተመልካች የትኛውን እንንገር? የከፈልንበትን ወይስ የለካነውን? የለካነውን ብንናገር ተመልካቹ ገበያ ወጥቶ ያንን ልክ ቢጠይቅ ይስቁበታል።

ይህ ሁሉ አልፎ ቀረጻው ሲሳካ ስልኩ «ቦታ የለም» ይላል። አንዷ ደቂቃ ከ100 ሜጋባይት በላይ ትበላለች፤ የቀረውን ዘመድ በየበዓሉ የላከው የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ ይዞታል። እሱን ማጥፋት ደግሞ ያስቀይማል።

ቪዲዮው በግድም ቢሆን ይወጣና ስልክ መደወል ይጀምራል። ትምህርቱ ስለ በርጩማ ነው። ደዋዩ ግን «ከጀርባችሁ የምትታየዋ ቁም ሣጥን ስንት ናት?» ይላል። እሷ የሰው ናት፣ የትዕዛዝ ናት እንለዋለን። ቀጥሎ የሚደውለው ባለቤቷ ነው። «እንጨት የለም፣ መብራት የለም፣ ጊዜ የለም ስትሉኝ ከረማችሁ፤ በርጩማ ለመቅረጽ ጊዜው ከየት ተገኘ?» ምን ይመለስለታል? ስለዚህ አሁን አሁን ከቀረጻ በፊት ያላለቀውን ትዕዛዝ ሁሉ በሸራ እንሸፍናለን። ሸፍነን እስክንጨርስ መብራት ይሄዳል። ደዋዮቹም አልቀነሱም፤ ዛሬ የሚጠይቁት ከሸራው ሥር ምን እንዳለ ነው። አንዱማ ሳያየው ቀብድ ልክፈል ብሏል።